ከእሳት የተረፈ ወረቀት

ባለፈው ቅዳሜ ማታ አሥራ አንድ ሆነን ጁገል ውስጥ በአንድ ጓደኛችን ቤት ተሰበሰብን። ጫማችንን በር ላይ አውልቀን፣ ከፍ ያለውን ነደባ ለቤቱ ሽማግሌዎች ትተን፣ ዝቅ ባለው ላይ ተጠጋግተን ተቀመጥን። የጓደኛችን አያት ቁጢ አፍልተው በስኒ እያዞሩ ሰጡን። ልናይ የመጣነው አዲስ ፊልም አልነበረም። ከስድሳ ዓመት በላይ የሆነው፣ ቀለም የሌለው፣ ግማሽ ሰዓት እንኳ የማይሞላ የአሜሪካ የቴሌቪዥን ድራማ ነበር። ድራማው ቶሎ አለቀ፤ ክርክሩ ግን ከግንቡ ውጭ ጅብ እስኪጮኽ ድረስ ቆየ። እሑድ በምግብ አዳራሽ ቀጠለ። ሰኞ ጧት ደግሞ ሁለት ጓደኞቻችን ዋርድ በር ላይ ቆመው በዚሁ ነገር ሲጨቃጨቁ አስታማሚዎች የዘመድ ጠብ መስሏቸው ሊገላግሏቸው መጡ። ነገሩ እንዲህ ከሆነ በመጽሔታችን ላይ አውጥተን የምናምንበትን ብንናገር ይሻላል ብለን ይህን ጻፍን።

ድራማው «ዘ ትዋይላይት ዞን» ከሚባለው ተከታታይ አንዱ ክፍል ነው። ተከታታዩ እ.ኤ.አ. ከ1959 እስከ 1964 ድረስ በአሜሪካ ሲ.ቢ.ኤስ. ጣቢያ የታየ፣ 156 ክፍሎች ያሉት፣ እያንዳንዱም ክፍል ራሱን የቻለ ታሪክ የሆነ ነው። (ተከታታዩ ባበቃበት በ1964 የኛ አገር ቴሌቪዥን ሥራ ጀመረ፤ አንዱ መብራቱን ሲያጠፋ ሌላው አበራ ማለት ነው።) እኛ ያየነው ክፍል «ስጦታው» ይባላል። መጀመሪያ የታየው እ.ኤ.አ. አፕሪል 27 ቀን 1962፣ በኛ አቈጣጠር ሚያዝያ 19 ቀን 1954 ዓ.ም. ነበር። ያላዩት አንባቢዎቻችን ይቅርታ ያድርጉልን፤ መጨረሻውን ሳይናገሩ ክርክሩን መናገር አይቻልም።

ከአሜሪካ ድንበር ማዶ፣ ማዴይሮ በምትባል የሜክሲኮ መንደር አጠገብ ከሌላ ዓለም የመጣ መንኰራኩር ይወድቃል። በውስጡ የነበረው እንግዳ መልኩ እንደኛው ሰው ነው። ከፖሊሶች ጋር ይጋጠማል፤ በግብግቡ አንድ ፖሊስ ይሞታል፤ እንግዳውም ይቈስላል። እየደማ ወደ መንደሩ መጠጥ ቤት ይገባል። የመንደሩ ሐኪም ጥይቱን ያወጣለታል። ፔድሮ የሚባል ወላጅ የሌለው ልጅ ይወደዋል፤ እንግዳውም ለልጁ አንድ ስጦታ ይሰጠዋል። የመጠጥ ቤቱ ባለቤት ማኑኤል ግን ለወታደሮቹ ይጠቁማል። ወታደር ይመጣል፤ መንደርተኛው ይሰበሰባል፤ ስጦታው የሰይጣን ነው ተብሎ እሳት ውስጥ ይጣላል፤ እንግዳውም በጥይት ይገደላል። ሁሉ ካለቀ በኋላ ሐኪሙ ከእሳት የተረፈውን ወረቀት አንሥቶ ያነባል። በሰላምና በወዳጅነት እንደመጡ ይናገራል። ቀጥሎ ያለው ለማንኛውም ዓይነት ካንሰር የሚሆን የክትባት ቀመር እንደሆነ ይገልጻል። ቀመሩ ራሱ ግን ተቃጥሏል።

የጤና ተማሪዎች ለሆንን ለእኛ ይህ መጨረሻ ምን ያህል እንደሚያንገበግብ መግለጽ አያስፈልግም። ከመካከላችን አንዱ፣ ባለፈው መንፈቅ የካንሰር ታካሚዎች ክፍል ሲሠራ የቆየው፣ ተነሥቶ ወደ ግቢው ወጣና ለጥቂት ደቂቃ አልተመለሰም።

ስለ ደራሲው ጥቂት ማለት ይገባል። ሮድ ሰርሊንግ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት በፊሊፒንስ የተዋጋ የጃንጥላ ወታደር ነበር። እ.ኤ.አ. በ1955 ኤመት ቲል የተባለ የ14 ዓመት ጥቁር ልጅ በሚሲሲፒ በነጮች ተገደለ፤ ገዳዮቹም በፍርድ ቤት ነፃ ወጡ። ሰርሊንግ ከዚህ ተነሥቶ አንድ የቴሌቪዥን ድራማ ጻፈ። ይሁንና የማስታወቂያ ከፋዮቹና የጣቢያው ሰዎች ደንበኛ እንዳይከፋባቸው ፈርተው ቦታውንም ሟቹንም እያስለወጡ ድርሰቱን አመድ አደረጉት። ሰርሊንግ ከዚያ በኋላ ያገኘው ዘዴ ለእኛ አዲስ አይደለም። በሰው አፍ ሲነገር የሚቈረጠውን በማርስ ሰው አፍ ቢናገረው ማንም አይቈርጠውም። ቅኔ ቤት ያለፉ አያቶች ያሏቸው ጓደኞቻችን ይህን ሲሰሙ ሳቁ። ሰሙ መንኰራኩር ነው፤ ወርቁ ጎረቤትህ ነው።

እንግዲህ ክርክሩ እዚህ ላይ ተጀመረ። በቤቱ ውስጥ የነበሩት አብዛኞቹ ፍርዱን ወዲያው ሰጡ። ጥፋተኛው መንደሩ ነው፤ ድንቁርናና አጉል እምነት የሰውን ዘር መድኃኒት አቃጠለ፤ ትምህርት ቢኖር ኖሮ ይህ አይሆንም ነበር አሉ። ንግግሩ ጥሩ ነበር፤ ጭብጨባም አገኘ። እኛም መጀመሪያ ከአጨብጫቢዎቹ መካከል ነበርን።

ኋላ ግን ነገሩ አላጠግብ አለን። አንደኛ፣ አሜሪካዊ ደራሲ ድንቁርናን ሲፈልግ ለምን ድንበር ተሻግሮ ድኻ መንደር ይሄዳል? ይህን ዓይን እናውቀዋለን። የፈረንጅ መጻሕፍት ስለኛ ሲጽፉ የሚያዩበት ዓይን ነው። ሰርሊንግን ላለመበደል ግን አንድ ነገር እንጨምር። ከዚህ ሁለት ዓመት ቀደም ብሎ፣ በ1960፣ በሜፕል ጎዳና ላይ ስለደረሰው ድንጋጤ በጻፈው ክፍል በደንብ የተማሩና መኪና ያላቸው አሜሪካውያን መብራት ስለጠፋባቸው ብቻ እርስ በርሳቸው ሲገዳደሉ አሳይቷል። (ይህንን ክፍል ከ«ስጦታው» በፊት አይተነው ነበር። ሰዎቹ መብራት ጠፋ ብለው ሲርበተበቱ ቤቱ በሳቅ ሞላ። በዚህ ቢሆን ኖሮ ሐረር ውስጥ ሰው ባልተረፈም ነበር።) ስለዚህ ሰውየው ድንቁርናን ለድኻ ብቻ አላከፋፈለም። ሆኖም «ስጦታው» እንደ ድርሰት ከተከታታዩ ደካሞች አንዱ ነው የሚሉ ብዙዎች ናቸው፤ ልክም ናቸው። ልጁ መልአክ ነው፤ ማኑኤል ይሁዳ ነው፤ መንደርተኛው አንድ ላይ ይፈራል፣ አንድ ላይ ይጮኻል። እንዲህ ያለ መንደር የለም። እኛ የመጣንባቸው መንደሮች ውስጥ ቢያንስ አንዲት አሮጊት ትነሣና ወታደሩን ትቈጣ ነበር።

ሁለተኛው ምክንያታችን ከዚሁ ከሐረር የመጣ ነው። ክርክሩ ሲከር የጓደኛችን አያት እስከዚያ ድረስ ዝም ብለው ሲሰሙ ቈይተው፣ «ልጆቼ፣ ለመሆኑ ያ ሰው የያዘው ወረቀት እውነተኛ መሆኑን በምን አወቃችሁ?» ብለው ጠየቁን። «እማማ፣ ፊልሙ ላይ ሐኪሙ ሲያነበው ሰምተናል» አልናቸው። «እናንተ ሰማችሁ። እነሱ የት ሰሙ?» አሉና ስኒዎቹን ሰብስበው ወጡ።

ይህ ጥያቄ የሐረር ጥያቄ ነው። እ.ኤ.አ. ጃንዩዋሪ 3 ቀን 1855 ሪቻርድ በርተን የተባለ እንግሊዛዊ መኰንን ወደዚህች ከተማ ገባ። ከዘይላ ሲነሣ የዐረብ ነጋዴ መስሎ ነበር፤ ከተማው አጠገብ ሲደርስ ግን እንግሊዛዊነቱን ገልጦ መግባትን መረጠ። በዚያን ጊዜ፣ ሙስሊም ያልሆነ መንገደኛ ከበሩ ከገባ የከተማዋ በረከት ያልፋል የሚል እምነት እንደነበረ በ1856 ባሳተመው መጽሐፉ ራሱ ጽፏል። በኪሱም ከዐደን እንግሊዛዊ ሹም ለሐረር አሚር የተላከ ደብዳቤ ይዞ ነበር። ደብዳቤው ግን ከሹሙ አልተላከም። በርተን ራሱ የጻፈው ነው። ይህንንም ያጋለጠበት ሌላ ሰው የለም፤ በገዛ መጽሐፉ ያለ እፍረት አውርቶታል።

አሚር አሕመድ ምን አደረጉ? ወረቀቱን ተቀበሉ፣ አዩት፣ ከጎናቸው አስቀመጡትና ተጨማሪ ማብራሪያ እንዲሰጥ ጠየቁት። አላመኑትም፣ አላቃጠሉትም፣ ጠየቁት። በርተን በከተማው ዐሥር ቀን ያህል ቈይቶ በሰላም ወጣ። በነዚያ ቀናት ሁሉ መውጣት አልችል ይሆናል ብሎ ሲፈራ እንደነበረም ጽፏል። ከሃያ ዓመት በኋላ፣ በ1875፣ የግብፅ ጦር በራኡፍ ፓሻ መሪነት ከተማዋን ያዘና ለዐሥር ዓመት ገዛ። ያመጣቸው በርተን አይደለም። ይሁን እንጂ በሩን ሲጠብቁ የነበሩት የሐረር ሰዎች ከውጭ የሚመጣ ክፉ ነገር የለም ብሎ ሊነግራቸው የሚችል ማን ነበር?

የማዴይሮ ሰዎች መፍራታቸው ስለዚህ አያስነውራቸውም። ፖሊስ ሞቶባቸዋል። ከሰማይ የወረደው ሰው የመጣበትን አልነገራቸውም። የእኛ ክስ በሁለት ሌሎች ሰዎች ላይ ነው፤ አንደኛው እንግዳው፣ ሁለተኛው ሐኪሙ።

እንግዳው ይህን ሁሉ መንገድ የመጣው ስጦታ ሊሰጥ ከሆነ ለምን ጠቅልሎ ለሕፃን ይሰጣል? ቋንቋቸውን ይናገራል፤ ሐኪም ከፊቱ ተቀምጧል። ይህ የካንሰር ክትባት ነው ለማለት አንድ ዓረፍተ ነገር ይበቃል። ድራማው እንዲጥም ሲባል ዝም አለ ይላሉ የኛ ተቃዋሚዎች። ይሁን። እኛ ግን በተግባር ብዙ ስጦታ ሰጪዎች እንደሱ እንደሆኑ አይተናል፤ የአንዳንዶቹንም ስም እናውቃለን፤ ስማቸው የኛው ነው።

ባለፈው ዓመት ለመስክ ልምምድ ከሐረር ወጣ ባለ አንድ የገጠር ቀበሌ ነበርን። የተሰጠን ሥራ ለልጃገረዶች ስለሚሰጠው የማኅፀን በር ካንሰር መከላከያ ክትባት ማስተማር ነበር። ስድስት ሆነን ሁለት ሌሊት ተቀምጠን አንድ በራሪ ወረቀት አዘጋጀን። ሥዕል ነበረው፤ ፊደሉ ትልልቅ ነበር፤ «ሂዩማን ፓፒሎማ ቫይረስ» የሚለውን ሦስት ጊዜ ጽፈንበታል። ኮርተንበት ነበር። ለተማሪዎቹ ለወላጆቻቸው እንዲያደርሱ ሰጠናቸው። በማግሥቱ ቤት ለቤት ስንዞር አንዲት እናት ቡና ሊያፈሉ ከሰል እያቀጣጠሉ አገኘናቸው። ከሰሉን ያያዙት በኛ ወረቀት ነበር። የማኅፀኑ ሥዕል ግማሹ ተቃጥሎ ግማሹ ይታያል።

ከመካከላችን አንዱ ተቈጣ። ይህ እኮ የልጅዎ ሕይወት ነው ብሎ በአማርኛ ተናገረ። ሴትዮዋ አማርኛ አይሰሙም። ወረቀቱም የተጻፈው በአማርኛ ነው። ፈገግ ብለው፣ እንድንቀመጥ በእጃቸው አመለከቱንና ቡናውን ቈሉ። ከኛ ጋር የነበረች የደደር ልጅ እስከዚያ ድረስ ወረቀት ተሸካሚ አድርገናት ነበር። እሷ ከጎናቸው በርጩማ ስባ ተቀመጠችና በኦሮምኛ ማውራት ጀመረች። ቡናው ሦስተኛው ላይ እስኪደርስ ድረስ አወሩ። ሴትዮዋ አምስት ጥያቄ ጠየቁ። ማን ላካችሁ? ልጄን መካን ያደርጋታል የሚሉት እውነት ነው? ለምን ለሴቶቹ ብቻ? ለምን በዐሥራ አራት ዓመቷ? ከተወጋች በኋላ ብታመም የማንን በር ላንኳኳ?

ከአምስቱ ሁለቱን በትክክል መመለስ አልቻልንም። በራሪው ወረቀት ላይ ከአምስቱ አንዱም አልተመለሰም። ልጅቱ ትከተብ አትከተብ ሳናውቅ ልምምዱ ዐርብ አለቀና ወደ ግቢያችን ተመለስን። ለዚያ ልምምድ ያገኘነው ማርክ ጥሩ ነበር።

አሁን «ስጦታው»ን ስናይ ለምን እንደተንገበገብን ይገባችሁ ይሆናል። ሰርሊንግ በ1962 እንደ ሕልም ያየው ነገር ከፊሉ ደርሷልና። ሐራልድ ዙር ሐውዘን የተባለው ጀርመናዊ የማኅፀን በር ካንሰር የሚመጣው ከዚህ ቫይረስ መሆኑን በማስረዳቱ በ2008 የኖቤል ሽልማት አገኘ። የመጀመሪያው ክትባት በ2006 በአሜሪካ ተፈቀደ። ኢትዮጵያም በዲሴምበር 2018 ዐሥራ አራት ዓመት ለሆናቸው ልጃገረዶች መስጠት ጀመረች። የጉበት በሽታ ክትባትም እንዲሁ የጉበት ካንሰርን ይቀንሳል። ለማንኛውም ዓይነት ካንሰር የሚሆን ክትባት ገና የለም፤ ለአንዳንዱ ግን አለ። ያመጣው ከሌላ ዓለም የወረደ ሰው አይደለም። በማቀዝቀዣ ሣጥን፣ በሞተር ብስክሌትና በአህያ የሚመጣ ነው። ወረቀቱ አልተቃጠለም። የቀረው ማንበብ ነው።

ስለ ፈንጣጣ ያነበቡ ጓደኞቻችን ይህን ያጠናክሩልናል። በ1971 የፈንጣጣ ማጥፋት ዘመቻ በአገራችን ሲጀመር ከኢትዮጵያውያን ባለሙያዎች ጋር የአሜሪካና የጃፓን ወጣቶች ሳይቀሩ በእግርና በበቅሎ አገሩን ዞሩት። በአንዳንድ ስፍራ ሕዝቡ አንከተብም ብሎ መለሳቸው። ይህን ሲሰማ ድንቁርና ነው የሚል አይጠፋም። ነገር ግን በሰሜኑ የአገራችን ክፍል ሕዝቡ ከታመመ ሰው ቍስል ወስዶ ጤነኛውን መከተብ ከጥንት ጀምሮ ያውቅ ነበር። የራሱ ክትባት ያለው ሰው ነው እንግዲህ የሌላውን እምቢ ያለው። ይህን ሰው ባዶ ዕቃ ነው ብሎ የሄደ ተመለሰ፤ ቁጭ ብሎ ያነጋገረው ከተበ። የኢትዮጵያ የመጨረሻው ታማሚ በ1976 ተገኘ፤ በቀጣዩ ዓመት ደግሞ በጎረቤታችን በሶማሊያ የመጨረሻው ተመዘገበ፤ በ1980 የዓለም የጤና ድርጅት ፈንጣጣ ከምድር ጠፋ ብሎ ዐወጀ።

ወደ ሐኪሙ እንመለስ። በክርክሩ ላይ ሁሉም ሐኪሙን ያወድሰዋል። ደግ ሰው ነው፤ ጥይት ያወጣል፤ በመጨረሻም የሚያዝነው እሱ ነው። እኛ ግን ከሁሉ የምንወቅሰው እሱን ነው፤ ምክንያቱም እኛ ልንሆን የምንማረው እሱን ነው። በዚያ መንደር ውስጥ ሁለቱም ወገን የሚያምነው ሰው እሱ ብቻ ነበር። እንግዳው ደረቱን ሰጥቶታል። መንደርተኛው ልጆቹን ሲያሳክም ኖሯል። ወረቀቱን ያነበበው ግን ከእሳት በኋላ ነው። ከእሳት በፊት ቢያነበው፣ አንብቦም በመንደሩ ቋንቋና በመንደሩ ሰው አነጋገር ቢያስረዳ ኖሮ ማኑኤል ምን ሊል ይችል እንደነበረ አናውቅም። ቢያንስ ሰዎቹ የሚጥሉት ምን እንደሆነ ዐውቀው ይጥሉት ነበር። ሐኪሙ በአካሉ ከመንደሩ ጋር ነው፤ በንባቡ ግን ብቻውን ነው። ከነጭ ካፖርታችን ጋር የምንለብሰው ብቸኝነት ይህ ነው።

በዚህ ቦታ ላይ የ«ክራምብስ» ወዳጆች እጃቸውን አነሡ። በክበባችን ውስጥ ሦስት ናቸው፤ ድምፃቸው ግን የሠላሳ ሰው ነው። ከሌላ ዓለም መጥቶ ስለቀረ ሰው የምታወሩ ከሆነ የራሳችሁን ትታችሁ ለምን አሜሪካ ትሄዳላችሁ አሉን። እውነት አላቸው። «ክራምብስ» በ2015 የወጣ፣ ሚጌል ያንሶ የተባለ ስፔናዊ በአገራችን በአማርኛ የሠራው ፊልም ነው፤ መጀመሪያ የታየውም በሮተርዳም የፊልም በዓል ነበር። ርዝመቱ 68 ደቂቃ ነው። ዳንኤል ታደሰ የሚጫወተው ካንዲ ዓለም ከፈረሰ በኋላ ቍርጥራጭ እየለቀመ የሚኖር ሰው ነው። ራሱን ከሌላ ፕላኔት መጥቶ እዚህ የቀረ ነኝ ብሎ ያምናል። ከራሱ በላይ ለዘመናት ቆሞ የኖረ መንኰራኩር አለ፤ አንድ ቀን መንኰራኩሩ መንቃት ይጀምራል፤ ካንዲም ወደ አገሬ የምመለስበት ጊዜ ደረሰ ብሎ መንገድ ይወጣል። ሰላም ተስፋዬ የምትጫወታት ፍቅረኛው ቤት ትቀራለች። መጨረሻውን አንናገርም፤ የዚህን መጨረሻ ማበላሸት ወንጀል ነው።

የ«ክራምብስ» ወዳጆች ካንዲ እኛ ነን ይላሉ። ሁልጊዜ ሰማይ ሰማይ እያየን መንኰራኩር እንጠብቃለን፤ የዲቪ ዕጣ በወጣ ሰሞን መኝታ ቤታችን ምን እንደሚመስል ተመልከቱ ይላሉ። ልክ ናቸው፤ ግን ይህ ለሌላ ቀን የሚሆን ጨዋታ ነው። እኛን የያዘን ሌላው ነገር ነው። በ«ክራምብስ» ዓለም ውስጥ ከድሮ የተረፈ የፕላስቲክ አሻንጉሊት እንደ ውድ ቅርስ ይሸጣል፤ የኳስ ተጫዋቹ የማይክል ጆርዳን ሥዕል እንደ ቅዱስ ሥዕል ይሰገድለታል። ለምን? ምን እንደነበረ የሚያነብ ሰው ስላልቀረ። ማዴይሮ ውስጥ ማንበብ ያልቻሉትን ውድ ነገር አቃጠሉት፤ እዚህ ማንበብ ያልቻሉትን ተራ ነገር አመለኩት። ሁለቱን ፊልሞች በአንድ ማታ አከታትሎ ላየ ሰው በሽታው አንድ ነው። በጤና ጣቢያ ሥራ ላይም ሁለቱን ምልክቶች በአንድ ቀን እናያለን። አንዷ እናት ክትባቱን ትሸሻለች፤ ሌላዋ ደግሞ ለጉንፋን መርፌ ካልተወጋሁ አልወጣም ብላ በር ላይ ትቀመጣለች። ለሁለቱም ያነበበላቸው ሰው የለም።

ከተቃዋሚዎቻችን አንዱ፣ ይህ ሁሉ ከአንድ የሃያ አምስት ደቂቃ ድራማ ውስጥ አይወጣም፤ እናንተ የራሳችሁን ጸጸት ነው ያያችሁበት አለን። ምናልባት ነው። ሰርሊንግም ቢሆን የራሱን ነው ያየበት።

የተማሪዎች ማኅበራችንን ግን አንድ ነገር እንጠይቃለን። የዚህ ዓመት የመስክ ልምምድ ሊጀመር ነው። እንደ ልማዳችን በራሪ ወረቀት ሊባዛ ነው፤ ለዚህች መጽሔት የሚሆነው ወረቀት እንኳ ለዚያ ሲባል ተቀንሷል። ከመባዛቱ በፊት በኦሮምኛ፣ በሐረሪና በሶማልኛ ይዘጋጅ። የሚያዘጋጁትም ቋንቋዎቹን ከእናታቸው የተማሩ ጓደኞቻችን ይሁኑ፤ ተሸካሚ ሳይሆኑ መሪ ይሁኑ። ከወረቀቱም በፊት ሦስት ወይም አራት እናቶች ዘንድ ተሂዶ ምን መጠየቅ እንደሚፈልጉ ይጠየቁ፤ ጥያቄዎቻቸው በላይኛው ገጽ ላይ ይጻፉ። መልሱን ያላወቅነውን አላወቅንም ብለን ለመምህራኖቻችን እናቅርብ። ቡና ሦስት ስኒ እስኪደርስ መቀመጥ በሪፖርት ቅጹ ላይ ቦታ የለውም፤ ይሰጠው። ማኅበሩ ገንዘብ የለኝም ካለ የጥያቄዎቹን ዝርዝር በዚህችው መጽሔት የሚቀጥለው እትም ላይ እናወጣለን፤ አምስቱን አሁንም አልረሳናቸውም።

ከጁገል ስንወጣ ሌሊት ነበር። ከግንቡ ሥር ባለው የጅብ ቀዳዳ በኩል አንዱ ጅብ ገብቶ ጠባቡን መንገድ ዘግቶ ቆሞ አገኘነው። ይህች ከተማ በግንቧ ላይ ለሰው በር ስትሠራ ለጅቡም የራሱን ቀዳዳ አበጅታለታለች። አዲስ የመጣው የአንደኛ ዓመት ተማሪ ድንጋይ ሊያነሣ ጎንበስ ሲል የቤቱ ልጅ እጁን ያዘውና ለጅቡ መንገዱን ለቀን ግድግዳ ተጠግተን እንድንቆም ነገረን። ቆምን። ጅቡም አለፈ።

በሚመጣው ቅዳሜ እዚያው ቤት «ክራምብስ»ን ደግመን እናያለን። ቦታው ለአሥራ አምስት ሰው ብቻ ስለሚበቃ ቀድማችሁ ኑ። ቁጢ አለ፤ ስኳር ግን ይዛችሁ ኑ ተብሏል። መብራት ከጠፋ ክርክሩ ያለ ፊልም ይደረጋል።